ጉብኝት ወይስ ጥየቃ? ቤተሰብ ናይሮቢ ሲመጣ ምን እናሳያለን?

ከኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል ጣራ ላይ ናይሮቢ ዙሪያዋን ትታያለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ተሠርቶ የተጠናቀቀው ይህ ባለ 28 ፎቅ ሕንፃ እስከ ዛሬ የከተማዋ መለያ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣችውን እናቴንና ከድሬዳዋ የመጡትን አጎቴን ወደዚያ የወሰድኳቸው ናይሮቢ በገቡ በሦስተኛው ቀን ነበር። ፓርላማውን፣ ኡሁሩ ፓርክን፣ ደመናው ለአፍታ ሲገለጥም የንጎንግ ኮረብቶችን እያመለከትኩ እንደ አስጎብኚ አስረዳኋቸው።

እናቴ በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ንግግሬን ስጨርስ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ “ያንተ ቤት በየት በኩል ነው?”

ለአራት ዓመታት የኖርኩበትን ሰፈር ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። አጎቴ በበኩላቸው “ለገሃሩስ?” አሉኝ። ባቡር ጣቢያው ከሕንፃው ብዙም አይርቅም። እኔ ግን ላሳያቸው ካሰብኳቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አላስገባሁትም ነበር።

በአማርኛ ከተማ ይጎበኛል፤ ዘመድ ግን ይጠየቃል። የታመመም፣ ያዘነም፣ የወለደችም ይጠየቃሉ። “ጥየቃ” እና “ጥያቄ” ከአንድ ግስ የተገኙ መሆናቸውን ያስተዋልኩት እናቴና አጎቴ በእንግድነት በቆዩባቸው አሥራ ሁለት ቀናት ነው። በውጭ አገር ከተማ የሚኖር ሰው ቤተሰቡን ሲቀበል አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘጋጀው ጉብኝት ነው። የሚመጡት ግን ለጥየቃ ነው። እንዴት ትኖራለህ? ከማን ጋር ትበላለህ? ስትታመም ማን ይደርስልሃል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ረጅም ሕንፃ መልስ አይሆንም።

ከዚህ በታች የቀረበው ቤተሰብን ናይሮቢ ላይ መቀበል ምን ዝግጅት እንደሚጠይቅ፣ ከተማዋ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ምን እንደምትነግረው፣ ጉብኝቱ ወደ ጥየቃ ሲለወጥ ደግሞ ምን እንደሚሆን የሚያስረዳ ነው።

ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በየብስ የሚመጡ መንገደኞች በሞያሌ በኩል ያልፋሉ፤ ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ የሚደርሰው መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ጉዞው ከቀድሞው እጅግ ቀሏል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ ተጓዦች ለአጭር ጊዜ ቆይታ ወደ ኬንያ ሲገቡ ለረጅም ዘመን ቪዛ ሳይጠየቁ ቆይተዋል። ኬንያ በ2024 መጀመሪያ የመግቢያ ሥርዓቷን ወደ ኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ቀይራለች፤ ደንቡ ከዚያ ወዲህም ተሻሽሏል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት የወቅቱን መመሪያ ከኤምባሲው ወይም ከኬንያ መንግሥት ይፋዊ ድረ ገጽ ማረጋገጥ ይገባል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ከፓስፖርቱ ጋር መያዝ አለበት።

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ግን ፌስታል ነው። ኬንያ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ማምረትን፣ ማስገባትንና መጠቀምን በሕግ ከልክላለች። ቅጣቱም እስከ አራት ዓመት እስራት ወይም እስከ 40 ሺህ ዶላር ገንዘብ ሊደርስ ይችላል። ከውጭ የሚመጣ መንገደኛም ፌስታሉን አየር ማረፊያ ላይ እንዲተው ይጠየቃል። የኢትዮጵያ እናት ሻንጣ ደግሞ ምን እንደሚይዝ ይታወቃል፦ በርበሬው በፌስታል፣ ሽሮው በፌስታል፣ ቆሎው በፌስታል፣ ከዚያም ሁሉም በሌላ ትልቅ ፌስታል። እናቴን አስቀድሜ አስጠንቅቄያት ስለነበር ሁሉንም በጨርቅ ከረጢትና በቆርቆሮ አሽጋ መጣች። ጉዳዩን ባለማወቅ ብቻ በርበሬው ሻንጣው ውስጥ ተበትኖ የገባ እንግዳ ግን ጥቂት አይደለም።

ሌላው የወቅት ነገር ነው። ብዙ ቤተሰቦች የሚመጡት ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ይህ የክረምት ወቅት ሲሆን፣ በናይሮቢ ደግሞ ዝናቡ ጥቂት ቢሆንም ሰማዩ ቀኑን ሙሉ የሚዳምንበት የዓመቱ ቀዝቃዛ ጊዜ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ የለመደው አየር ነው፤ የድሬዳዋን ሙቀት ለለመዱት አጎቴ ግን የመጀመሪያው ግዢያችን ወፍራም ሹራብ ሆነ።

ወደ ቀኝ ማየት

ለእንግዳ በመጀመሪያ ማስተማር ያለብን የመንገድ አሻጋገርን ነው። በኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከመሻገሩ በፊት መጀመሪያ ወደ ግራ ሲያይ የኖረ ሰው፣ እዚህ መኪናው ካላየው አቅጣጫ ይመጣበታል። በእናቴና በአጎቴ መካከል ሆኜ፣ ሁለቱንም በክንዳቸው ይዤ፣ “ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ!” እያልኩ ያሻገርኳቸውን ጊዜ አልቆጥረውም። በልጅነቴ እናቴ እኔን በዚሁ ዓይነት ታሻግረኝ ነበር።

ሁለተኛው ፍተሻ ነው። ናይሮቢ በ1998፣ በ2013 እና በ2019 ከባድ የሽብር ጥቃቶች ደርሰውባታል። በዚህም ምክንያት የገበያ አዳራሽም ሆነ መሥሪያ ቤት ሲገባ መፈተሽ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ መታወቂያ የሚጠየቅበትም ጊዜ አለ። እንግዶች የፓስፖርታቸውን ቅጂ ሁልጊዜ ይዘው ቢወጡ ይመከራል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። በናይሮቢ ብርቱካን ቸርቻሪውም፣ ጫማ ጠራጊውም፣ የማታቱ ረዳቱም በ2007 ሥራ የጀመረውን ኤምፔሳን ይቀበላሉ። ስለ አገልግሎቱ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ማስረዳት ቀድሞ ይከብድ ነበር። ዛሬ ቴሌብርን የሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ኤምፔሳ ራሱም በ2023 በኢትዮጵያ ሥራ ጀምሯል። በብሔራዊ ፓርኮች ክፍያ በጥሬ ገንዘብ አይፈጸምም። የመግቢያ ዋጋው በዜግነትና በነዋሪነት ይለያያል። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች፣ ጎረቤት ነን ብሎ የአባል አገራትን ዋጋ መጠበቅ አያዋጣም።

ከሁሉም በላይ ግን ለአረጋውያን በቀን አንድ ቦታ ይበቃቸዋል። እኔ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሰባት ቦታ አቅጄ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ የእናቴ እግር አብጦ ሳይ ዝርዝሩን አጥፌ አስቀመጥኩት።

ሰዓቱ አንድ ነው

በአራተኛው ቀን እናቴን በሰፈሬ ወዳለው ጉሊት ወሰድኳት። አትክልት ሻጯ ለአንዲት ደንበኛዋ “ሳአ ምቢሊ” ስትል ሰምታ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። “ሁለት ሰዓት” አልኳት። የእጅ ሰዓቴን አየች፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። “እንደኛ ነው እንዴ የሚቆጥሩት?” አለች።

በእርግጥም እንደኛ ነው። በስዋሂሊ ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ‘ሳአ ሞጃ አሱቡሂ’ ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። ሁለቱም አገሮች ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናቸው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት ትወጣለች፤ ትጠልቃለችም። ከንጋት ጀምሮ መቁጠር ለሁለቱም የሚመች ይመስላል። ይሁንና ያው ኬንያዊ በእንግሊዝኛ ሲናገር ወደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ይሻገራል። ቀጠሮ ሲያዝ በየትኛው ቋንቋ እንደተያዘ ካልተስተዋለ ስድስት ሰዓት ይዛነፋል።

ከዚያ በኋላ እናቴ ቃል መልቀም ያዘች። ደቂቃ ‘ዳኪካ’ ነው። ሳህን ‘ሳሃኒ’፣ ሒሳብ ‘ሄሳቡ’፣ ሳሙና ‘ሳቡኒ’፣ ስኳር ‘ሱካሪ’ ይባላሉ። ምስኪኑም ‘ማስኪኒ’ ነው። አብዛኞቹ ወደ ስዋሂሊ የገቡት ከዐረብኛ ነው። አማርኛም ከፊሎቹን ከዚያው ወስዷል፤ ሌሎቹን ደግሞ በሴማዊ ዝምድናው ይጋራቸዋል። ለእናቴ ግን የቃላቱ ታሪክ አላሳሰባትም። የማታውቀው አገር ሳህኑንና ምስኪኑን እንደሷ መጥራቱ በቂዋ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ ጉሊቱ ድረስ ያለ እኔ ትሄድ ጀመር።

ሁለት የባቡር ከተሞች

አጎቴ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። በአምስተኛው ቀን ከጣቢያው አጠገብ ወደሚገኘው የባቡር ሙዚየም ወሰድኳቸው። አሮጌዎቹ የእንፋሎት ባቡሮች በሣር ላይ ቆመዋል። አጎቴ ወደ ፉርጎዎቹ አላመሩም። ጎንበስ ብለው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለውን ስፋት በእርምጃ ለኩና “የኛው ነው” አሉ።

አልተሳሳቱም። እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የዘረጉት መስመርም ሆነ ከጅቡቲ በድሬዳዋ አድርጎ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የቀድሞው መስመር ስፋታቸው አንድ ሜትር ነበር።

ዝምድናው በሐዲዱ አያበቃም። ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሥራው ማረፊያ ሆና ከመቆርቆሯ በፊት ማሳዮች ከብቶቻቸውን የሚያጠጡባት ረግረጋማ ሜዳ ነበረች። ስሟም ‘ቀዝቃዛ ውኃ’ ከሚል የማሳይ ቃል የመጣ ነው። ድሬዳዋም በ1902 ባቡሩ ደርሶ ነው የተቆረቆረችው። ሁለቱም ሐዲድ የወለዳቸው ከተሞች ናቸው።

ለናይሮቢው መስመር ሥራ ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች ከሕንድ መጥተዋል። ከእነሱ መካከል ጥቂቶቹ እዚሁ ቀሩ፤ ነጋዴዎችም ተከተሏቸው። የናይሮቢ ሰው ጨጓራው የለመደው ቻፓቲ፣ በየመንገዱ የሚጠበሰው ሳምቡሳም የዚህ ታሪክ አሻራ ነው። ሳምቡሳውን አጎቴ ገና ሲያዩት አወቁት።

በሙዚየሙ ውስጥ አንድ አሮጌ ፉርጎ አለ። በ1900 ቻርልስ ራያል የተባለ እንግሊዛዊ የፖሊስ ኃላፊ ሰው በላ አንበሳ ለመግደል ሌሊት አድፍጦ ሳለ እንቅልፍ ይዞት፣ አንበሳው ገብቶ የወሰደው ከዚህ ፉርጎ ውስጥ ነው። አጎቴ ታሪኩን ሰምተው ሲያበቁ “የማታ ተረኛ መተኛት የለበትም” ብለው ፈረዱ። ሁለት ሰዓት ያህል እዚያ ቆየን። በአሥራ ሁለቱ ቀናት ውስጥ አጎቴ አስረጂ፣ እኔ አድማጭ የሆንኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከጉብኝቱ ሁሉ የተደሰቱበትም እሱ ነበር።

የሚታወቅ ስም ያለበት ጎዳና

ከባቡር ጣቢያው ጥቂት እንደተራመድን የመንገዱን ስም አነበብኩላቸው፦ ኃይለ ሥላሴ ጎዳና። እናቴ ፈገግ አለች። ይሁንና ጎዳናው ከሞይ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው መናፈሻ የመታሰቢያ ስፍራ ነው። ነሐሴ 7 ቀን 1998 እዚህ በነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት በናይሮቢ ብቻ 213 ሰዎች ተገድለዋል፤ አብዛኞቹም ኬንያውያን ነበሩ። ስማቸው በግድግዳ ላይ ተቀርጿል።

በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ ነሐሴ 1 ቀን 1990 ነበር። “የፍልሰታ መግቢያ” አለች እናቴ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ስሞቹን ባታነብም ከዳር እስከ ዳር በዝግታ አለፈቻቸው። በእሷ ልማድ መቃብር አጠገብ ተቸኩሎ አይታለፍም።

ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ሌላው ቅርብ ቦታ ብሔራዊ ሙዚየሙ ነው። ‘የቱርካና ልጅ’ የሚባለውን፣ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለውን አፅም በ1984 ያገኘው ኬንያዊው የቅሪተ አካል ፈላጊ ካሞያ ኪሜዩ ነው። አፅሙ የተገኘው በቱርካና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ሲሆን፣ ሐይቁ ከሚያገኘው ውኃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ በሚወርደው የኦሞ ወንዝ ይመጣል። በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሚሆናት ከዚህ ልጅ በዕድሜ ብዙ ትርቃለች። ስምጥ ሸለቆው ግን ሁለቱን አገሮች ያያይዛቸዋል።

በጾም ምን ይበላል?

ፍልሰታ እዚሁ ሳሉ ስለገባ የምግብ ነገር አሳስቦኝ ነበር። እንጀራ ማግኘት በራሱ አይከብድም። በኢስትሊ፣ በኸርሊንግሃምና በኪሊማኒ አካባቢ ኢትዮጵያውያን ጋግረው ይሸጣሉ፤ ምግብ ቤቶችም አሉ። ነገር ግን የኬንያ ማዕድ ለጾመኛ ካሰብኩት በላይ ይመቻል። ‘ሱኩማ ዊኪ’ በዘይት የተሠራ ጎመን ነው፤ ስሙ ‘ሳምንቱን ግፋው’ ማለት ሲሆን፣ ደመወዝ ሲያልቅ ቤተሰብን የሚያሻግር ምግብ መሆኑን ይናገራል። ‘ጊዜሪ’ በቆሎና ባቄላ ተቀቅሎ የሚቀርብ ነው። እናቴ አንድ ማንኪያ ቀምሳ “ይኼማ ንፍሮ ነው” ብላ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። ኡጋሊን ግን አልወደደችውም። “ገንፎ ሆኖ ቅቤና በርበሬ የጎደለው” አለች፤ በጾም ቅቤ ማንሳቷ ትዝ ሲላት ደግሞ አማተበች።

ያልተስማሙት በቡና ነው። ኬንያ ስሙ የታወቀ ቡና ለዓለም ገበያ ብታቀርብም፣ ሕዝቧ በአብዛኛው የሚጠጣው በወተት የፈላ ሻይ ነው። የቡና ተክል ከኢትዮጵያ አጠገብ ወዳለችው ወደዚህች አገር የገባው በ1893 ሲሆን፣ ያመጡትም ፈረንሳውያን ሚሲዮናውያን ናቸው። ቡናው ለዘመናት በቅኝ ገዢዎች እርሻ ለውጭ ገበያ ሲመረት በመኖሩ በቤት ውስጥ ሥርዓት ሳይበጅለት ቀርቷል። እናቴ ጀበናዋን ይዛ መጥታ ስለነበር ይህን ክፍተት ወዲያው ደፈነችው። የሕንፃው ነዋሪዎች የእኔን በር ማንኳኳት የጀመሩት የቡናው ሽታ ከደረሳቸው በኋላ ነው።

“አንተስ ስትታመም ማን ያድራል?”

በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በሼልድሪክ ስም የሚጠራው ተቋም እናታቸውን ያጡ የዝሆን ግልገሎችን ያሳድጋል። በየቀኑ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ቀድመው ለተመዘገቡ ጎብኚዎች ክፍት ነው። ግልገሎቹ ወተት በጡጦ ይጠጣሉ፤ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላሉ። አስረጂው እንደነገረን እናት የሌለው ግልገል ብቻውን አያድርም። ጠባቂው በአጠገቡ ይተኛል። አንድ ግልገል ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ተቆራኝቶ፣ ያ ሰው ዕረፍት ሲወጣ እንዳይጎዳ ጠባቂዎቹ ይቀያየራሉ።

ይህን ተርጉሜላት ስጨርስ እናቴ ከዝሆኖቹ ወደ እኔ ዞረች። “አንተስ ስትታመም ማን ያድራል?”

“እኔ ምን ሆኜ እታመማለሁ” ብዬ ሳቅሁ።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና አድርጌያለሁ። ለቤተሰቤ አልተናገርኩም። በዚያ ሳምንት ስልክ ሲደወል “ሥራ በዝቶብኝ ነው” እያልኩ ድምፄን አስተካክዬ አወራ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቡና ሲፈላ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህርት መጡ። በሕንፃው ውስጥ ሁሉም በበኩር ልጃቸው ስም ‘የእገሌ እናት’ እያለ ይጠራቸዋል፤ በኬንያ ይህ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ከእናቴ ጋር የሚግባቡበት ቋንቋ ስላልነበራቸው አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። መምህርቷ በእንግሊዝኛ “ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሙሉ በሙሉ ተሻለው ወይ? ለእኔ ሁልጊዜ ደኅና ነኝ ነው የሚለኝ” አሉ። እኔም “ደኅና ነው ወይ ይላሉ” ብዬ ተረጎምኩ።

መምህርቷ ትርጉሙ ማጠሩን ሳያውቁት አልቀሩም። እጃቸውን በሆዳቸው ቀኝ በኩል አድርገው በጣታቸው የተሰፋ ቁስል አሳዩ፤ ቀጥለውም ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አጠገቡ አድሬያለሁ ለማለት። ይህን ማንም መተርጎም አላስፈለገውም።

እናቴ ስኒውን አስቀመጠች። ተነሥታ የሴትዮዋን ሁለት እጆች ይዛ ደጋግማ ሳመቻቸው። ለእኔ ያን ቀን ምንም አልተናገረችኝም። የተናገረችው ማታ፣ አጎቴ ከተኙ በኋላ ነው። “የከፋኝ መታመምህን ስላልነገርከኝ አይደለም። እሳቸውን ሳላመሰግን ሁለት ዓመት መክረሜ ነው” አለችኝ።

ርቀት የሚያስለምደው ዝምታ

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። በውጭ አገር ለሚኖር ሰው ክፉ ወሬ በስልክ አለመንገር በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። የአባት ወይም የእናት መርዶ እንኳ ወዳጆች ተሰባስበው፣ ማልደው ቤት ሄደው ነው የሚያረዱት። ዓላማው ብቻውን እንዳይሰማውና እንዳይጎዳ ማድረግ ነው። በውጭ ያለውም በበኩሉ የቤተሰቡን ልብ ላለማሳቀቅ ሕመሙን፣ ሥራ ማጣቱንና ብቸኝነቱን ይደብቃል። በሁለቱም ወገን ፍቅር አለ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሁለቱም የማይኖሩትን ኑሮ በስልክ እየተራረኩ ይቀራሉ።

የቤተሰብ ጉዞ ይህን ትረካ ይፈትነዋል። ለዚህም ነው ብዙዎች እንግዳ ሊመጣ ሲል የሚጨነቁት። የባልንጀራ ሰፊ ቤት የሚዋስ፣ ተበድሮ መኪና የሚከራይ፣ እንግዶቹን ከጠዋት እስከ ማታ ከተማ ሲያዞር ውሎ ቤቱን የሚያሳየው ለመኝታ ብቻ የሆነ ሰው ሞልቷል። እኔም ሰባቱን ቦታዎች በሁለት ቀን የደረደርኩት ለዚህ ይመስለኛል። ሕንፃ ሲቆጠር ጥያቄ አይነሣም።

ከተማቸውን ማሳየት ለማይችሉ

ይህም ሆኖ ቤተሰብን አየር ማረፊያ ላይ መቀበል መቻል በራሱ ዕድል ነው። በዚሁ በናይሮቢ፣ በተለይም በኢስትሊ፣ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ መንገድ ላይ ይሰማሉ። እዚያ ከሚኖሩት መካከል ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች አሉ። የኬንያ ፖሊሲ ስደተኞች በዳዳብና በካኩማ መጠለያዎች እንዲኖሩ ለዓመታት ሲያስገድድ ስለቆየ፣ ወረቀቱ ያልተሟላ ሰው ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። እንዲህ ያለ ሰው እናቱ ብትመጣ ከሰፈሩ አርቆ ሊያዞራት አይደፍርም።

ናይሮቢ ለሌሎች ደግሞ መገናኛ ናት። በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ጥገኝነት አግኝቶ ወደ ትውልድ አገሩ መመለስ የማይችል ሰው፣ ከወላጆቹ ጋር የሚገናኘው በሦስተኛ አገር ነው። ናይሮቢ ወይም ካምፓላ ላይ በተከራዩት ቤት የሚተያዩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤተሰቦች አሉ። በዚያ ጊዜ አስጎብኚም ተጎብኚም የለም፤ ሁሉም እንግዳ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኛነት የሚኖሩ እህቶቻችንም ይህ ዕድል የላቸውም። የሚያድሩት በአሠሪያቸው ቤት በመሆኑ እንግዳ የሚቀበሉበት በር የላቸውም። ከተማውን ለቤተሰብ የሚያሳዩት በስልክ ፎቶ ነው፤ ፎቶው ደግሞ ሁልጊዜ የገበያ አዳራሽ ወይም የባሕር ዳር ነው። ፎቶውን የሚያይ ቤተሰብ ከፎቶው ውጭ የቀረውን መጠየቅ ይገባዋል።

ታዲያ ምን እናሳይ?

ፓርኩም፣ ሙዚየሙም፣ ጣራውም ይታዩ፤ ቤተሰብ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚያወራው ይፈልጋል። ነገር ግን ለከተማዋ ዝነኛ ቦታዎች የምንሰጠውን ያህል ጊዜ ለዕለት ኑሯችንም እንስጥ። ዳቦ የምንገዛበትን ሱቅ፣ ወደ ሥራ የምንሄድበትን ማታቱ፣ የምንሳለምበትን ቤተ ክርስቲያን ወይም የምንሰግድበትን መስጊድ፣ የሕንፃውን ዘበኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስንታመም የሚደርስልንን ሰው እናስተዋውቃቸው። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለን ያንኑ መናገር ይሻላል። ለጥየቃ የመጣ ሰው ሊሸከመው የመጣው እሱን ነውና።

ለእንግዶቹም የሚያውቁትን የሚናገሩበት ቦታ መፈለግ መልካም ነው። አጎቴ በሐዲዱ፣ እናቴ በጀበናዋ ናይሮቢን የራሳቸው አደረጓት።

የተመለሱ ዕለት ጠዋት እናቴ ከመምህርቷ ጋር በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ተሰናበተች። አንዷ በአማርኛ፣ ሌላዋ በስዋሂሊ ነበር የሚናገሩት፤ እኔም እንድተረጉም አልተጠራሁም። ‘ሰላም’ እና ‘ሳላማ’ የሚሉት ብቻ ወደ ጆሮዬ ደረሱ።

አሁን እናቴ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ መምህርቷን ነው፤ እኔ ሁለተኛ ነኝ። ባለፈው ወር ወደ ናይሮቢ በመጣ የሰፈራችን ልጅ እጅ በርበሬ ልካለች። እሽጉ ሁለት ሲሆን ትልቁ ለእሳቸው፣ ትንሹ ለእኔ ነው። ሁለቱም በወረቀት ከረጢት ተጠቅልለው ነው የመጡት።